ካምፓስ ውስጥ ሰልፍ ስትወጡ ጥያቄያችሁ እንዲሰማ፣ አጠገባችሁ ያለው ተማሪም እንዳይገፋ፦ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገርና ከዚያ እንጀምራለን። ተማሪ እያለሁ የላይብረሪ ሰዓት ሲያሳጥሩብን ለመቃወም አስተዳደር ህንፃው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ነበር፣ ወደ 60 ሰው እንሆናለን፣ ደረጃው ስለሞላ ግማሾቻችን ከጎን ያለው ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ) ላይ ተደረደርን፣ ጥላም ስለነበረው ተመችቶናል። አንድ ሰዓት ያህል እንደጮህን በዊልቸር የሚሄድ ልጅ መጣና ከራምፑ ሥር ቆመ። ጭኑ ላይ ፎልደር አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየናል። እኛ ደግሞ ሊደግፈን የመጣ መስሎን አጨበጨብንለት። አጨበጨብንለት እኮ! ለካ ልጁ የመጣው ያመለጠውን ፈተና ለመፈተን ፎርም ሊያስገባ ነው፣ ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፣ እኛ ደግሞ መግቢያው ላይ ተቀምጠን «ላይብረሪው የሁሉም ነው» እያልን እንዘምራለን። ትንሽ ጠብቆ ዞሮ ሄደ። ጉዳዩን የሰማነው ማታ ከዶርም ጓደኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰልፍ አስተባብሬያለሁ፣ ብዙ ሰልፍም ዳር ቆሜ አይቻለሁ፣ ሁሌም የማየው ነገር አንድ ነው። ሰልፉ የሚናገረው መወሰን ለሚችል ሰው ነው፣ ዱላው የሚያርፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም መወሰን በማይችል ተማሪ ላይ ነው። ይሄ መመሪያ ዱላውን ወደ ትክክለኛው አድራሻ ስለመመለስ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፣ አስተዳደሮች «መከባበር» የምትለዋን ቃል በጣም ይወዷታል፣ አንዳንዴ ዝም በሉ ለማለት ሲፈልጉ ነው የሚያወጧት። እኔ እዚህ የማወራው ስለዚያ ዓይነት መከባበር አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ደስ እንዲለው ብላችሁ ድምፃችሁን አትቀንሱ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አንድ መስመር ላይ ጨርሱት

«ፍትህ እንፈልጋለን» ብላችሁ ብትወጡ ማንም ሰው «እሺ» ብሎ ሊመልስላችሁ አይችልም፣ ምክንያቱም እሺ የሚባል ነገር የለበትም። ጥያቄ ማለት ሦስት ነገር ያለው ነው፦ ማን ያድርገው፣ ምን ያድርግ፣ እስከ መቼ። «የተማሪዎች ዲን ላይብረሪውን ከሰኞ ጀምሮ ፈተና እስኪያልቅ ድረስ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ያድርግልን» ይሄ ጥያቄ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉትና ሰልፉን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት፣ አንብቦ «እና ማን ጋ ነው የምትሄዱት?» ካላችሁ አልጨረሳችሁም።

ይሄ ከመከባበር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ሲደበዝዝ ቁጣው ማረፊያ ያጣል፣ ማረፊያ ያጣ ቁጣ ደግሞ ቅርብ ያለውን ነው የሚይዘው፣ «እነሱ ናቸው ቦታችንን የያዙት» «እነሱ ናቸው የሚደገፉት» እየተባለ በአንድ ቀን ውስጥ የክፍያ ጉዳይ የብሔር፣ የሃይማኖት ወይ የአገር ጉዳይ ሆኖ ያድራል።

እ.ኤ.አ. በ1964 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ተመልከቱ። አስተዳደሩ ሴፕቴምበር ላይ ካምፓሱ መግቢያ አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግቶ የፖለቲካ ወረቀት ማደልን ከለከለ፣ ተማሪዎቹም የያዙት ጉዳይ ይሄንኑ ነበር፣ ጠረጴዛችን ይመለስ፣ የምንናገረውን ነገር ይዘት አትቆጣጠሩ። ቀኝ ዘመም የሚባሉት የተማሪ ክበቦች ሳይቀሩ ከግራዎቹ ጋር አብረው ገቡበት፣ ምክንያቱም ጠረጴዛ ሁሉም አለው። በመጨረሻ ዲሴምበር 8 ቀን መምህራኑ ተሰብስበው 824 ለ115 በሆነ ድምፅ ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ። እጅ ሊወጣበት የሚችል ጥያቄ ስለነበር ነው እጅ የወጣበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ፣ የተማሪዎቹ ጉዳይ በጣም ሰፊ ነበር፣ የትምህርቱን ሥርዓት ሁሉ የሚነካ፣ ግን መጀመሪያ የያዙት የቅኝ ገዢውን የሴሲል ሮድስን ሐውልት ነው፣ ሐውልት ደግሞ በክሬን ይነሳል፣ ተቃውሞው ማርች 9 ተጀምሮ ኤፕሪል 9 ተነሳ።

ደረጃ 2፦ የካምፓሱን ደንብ አንብቡት፣ የምር አንብቡት

ብዙ ሰልፍ የሚበላሸው «መብታችን ነው» እና «ክልክል ነው» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ደንቡን ሳያነቡ ሲጨቃጨቁ ነው። መብቱማ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ላይ በሰላም መሰብሰብ መብት ነው ይላል፣ ገደብ የሚጣለውም በህግ ሲሆንና የግድ አስፈላጊ ሲሆን ነው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ የሌሎችን መብትና ነፃነት መጠበቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ይሄን አንቀጽ ሲያብራራ አስቀድሞ ማሳወቅን መጠየቅ ይቻላል፣ ማሳወቁ ግን በተዘዋዋሪ ፈቃድ መለመን መሆን የለበትም ብሏል። ይሄ የአገር ግዴታ ነው፣ የየካምፓሱ ደንብ ደግሞ ሌላ ነው፣ የመንግሥት ነው የግል የሚለውም ለውጥ ያመጣል፣ ስለዚህ የራሳችሁን ደንብ አግኙት።

ስታነቡ የምትፈልጉት ሰዓትን፣ ቦታንና አኳኋንን የሚወስኑትን መስመሮች ነው፦ ድምፅ ማጉያ መቼ ይፈቀዳል፣ የትኛው ግቢ ለስብሰባ ክፍት ነው፣ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ ድንኳን ይተከላል ወይ። እነዚህ ለሁሉም እኩል ከሆኑ አትጣሉባቸው፣ ጉልበታችሁን ለሌላ አቆዩት። ባለፈው ወር ሌላ ክበብ በድምፅ ማጉያ ሲዘፍን ምንም ያልተባለበት ቦታ ላይ እናንተ ስትናገሩ ከተከለከላችሁ ግን ያ የሰዓት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደከለከለ ጽፋችሁ ያዙ። ማሳወቂያውንም በአፍ አታድርጉት፣ በኢሜይል ወይ ፊርማ ባለበት ደብዳቤ ይሁን፣ ኮፒ አስቀሩ።

አውቃችሁ ደንብ ለመጣስ ከወሰናችሁ ደግሞ፣ ይሄ የሚሆንበት ጊዜ አለ አልዋሽም፣ ቅጣቱን የሚቀበሉት እነማን እንደሆኑ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የትምህርት ቪዛ ያለው ወይ በስኮላርሺፕ የሚማር ልጅ ቅጣቱ ከእናንተ በጣም የከበደ ሊሆን ይችላል፣ «ፈሪ» እየተባለ እየተገፋ ገብቶ ከትምህርቱ ቢባረር መልሱ የማን ነው? እምቢ ማለት የሚችልበት ቦታ ስጡት፣ ፖስተር ይሥራ፣ ውሃ ያቅርብ፣ ስልክ ያንሳ።

ደረጃ 3፦ ግቢውን በእግራችሁ ዞራችሁ እዩት

ሰልፉ ሊደረግ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ሁለት ሰው ሆናችሁ በሰልፉ ሰዓት ቦታው ላይ ቁሙ። በካርታ አይሆንም፣ በካርታ ብናየው ኖሮ እኛም ራምፑን አናየውም ነበር። ማን በዚህ ያልፋል? ፈተና ያለበት ክላስ የትኛው ነው? በዚያ ሰዓት የሚጸልይ ሰው በዚህ ነው የሚያልፈው? ክሊኒኩ በየት ነው? የፅዳት ሠራተኞቹ ፈረቃ ስንት ሰዓት ይቀየራል? የቀኑ ጉዳይም አለ፣ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች በዓል ወይ ጾም ላይ ከዋለ እነሱን ሳትጠሩ ቀርታችኋል ማለት ነው፣ ባታስቡትም።

ለዊልቸር የሚበቃ መተላለፊያ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ሁለት ዊልቸር እንዲተላለፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል። በቾክ መሬት ላይ አስምሩት፣ «እናስታውሳለን» አትበሉ፣ ሰው ሲሰበሰብ ማንም አያስታውስም። ማየት ለተሳነው ተማሪ የለመደው መንገድ ላይ የተተከለ ባነር እንጨት አደጋ ነው፣ መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ ንግግሩን ሁሉ ቆሞ አፍ እያየ ነው የሚውለው፣ ቢቻል በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው፣ ካልተቻለ ንግግሩን በወረቀት አባዙለት። ቀላል ነው።

ደረጃ 4፦ መፈክር። እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ

ከሰልፍ በኋላ የሚቀረው መፈክሩ ነው፣ ፎቶ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው፣ ሰው የሚቆስለውም በእሱ ነው። አንድ የማልረሳው ማታ አለ። የክፍያ ጭማሪን ለመቃወም ዶርም ውስጥ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተን ፕላካርድ እንጽፋለን፣ የማርከሩ ሽታ ጭንቅላት ያዞራል፣ መስኮት ከፍተን ስምንት ሆነን ተንበርክከናል። አንዱ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው ክፋትም የለበትም፣ «መጀመሪያ ለእኛ፣ ከዚያ ለመጤ» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ካርቶኑን አንስታ ጮክ ብላ አነበበችው። እሷ ከሌላ አገር ነው የመጣችው።

«ነገ ይሄን ይዘህ ከጎኔ ልትቆም ነው?» አለችው።

«ኧረ አንቺን ማለቴ አይደለም!»

«ካርቶኑ ላይ ከእሷ በቀር የሚል የለም።»

ልጁ ምንም አላለም፣ ካርቶኑን ገልብጦ በጀርባው «ጭማሪው ይሰረዝ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቃል። ደግሞ በነገታው ከሁሉም በላይ ፎቶ የተነሳው ያ ነው፣ ከሩቅ ስለሚነበብ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የምጠቀምበት ፈተና እነሆ። እያንዳንዱን መፈክር ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይመደብ፣ ከጻፈው ሰው ሌላ። አንብቦ እንዲህ ይጠይቅ፦ ይሄ የሚናገረው ሰውየው ስላደረገው ነገር ነው ወይስ ስለሆነው ነገር? ዲኑ የፈረመውን ደብዳቤ መቀደድ ይችላል፣ የተወለደበትን ቦታ ግን መቀየር አይችልም። ሁለተኛ፣ ሊመልስልን ሥልጣን የሌለው ተማሪ ይሄን ሲያነብ እኔን ነው ብሎ ያስባል? ሦስተኛ፣ ቃሉ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ሲገደልበት ወይ ሲባረርበት የተባለ ቃል ነው? ሦስተኛውን ለብቻችሁ መመለስ አትችሉም፣ ከዚያ ወገን የሆነ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ እንዲህ ዓይነት ሰው መሀላችሁ ከሌለ ደግሞ ራሱ መልስ ነው፣ ለምን እንዳልመጣ አስቡበት።

ከበድ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ፣ ማለትም ይሄ አነጋገር ጠንካራ ትችት ነው ወይስ ጥላቻ መቀስቀስ ነው ብላችሁ ስትከራከሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ባለሙያዎች ያዘጋጁት የራባት የድርጊት መርሃ ግብር ስድስት ነገር እዩ ይላል፦ በወቅቱ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል፣ የሚናገረው ማን ነው፣ ፍላጎቱ ምንድነው፣ ይዘቱና አቀራረቡ እንዴት ነው፣ ስንት ሰው ጋ ይደርሳል፣ ጉዳት የማድረስ ዕድሉስ ምን ያህል ነው። ያ የተዘጋጀው በወንጀል ለሚያስጠይቅ ቅስቀሳ ስለሆነ ሚዛኑ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጓል፣ ስለዚህ «ከራባት አላለፈም» ማለት ጥሩ መፈክር ነው ማለት አይደለም። እኔ የምወዳት የመጀመሪያዋን ነገር ነው፣ ሁኔታውን ማየት፣ ያው ቃል በሰላሙ ጊዜ ቀልድ ሆኖ ዶርም ውስጥ ጠብ ተነስቶ ባደረ ማግስት ግን እሳት ሊሆን ይችላል።

ጥሩ መፈክር አጭር ነው፣ የሚፈልገውን ነገር በስሙ ይጠራል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት የወጡትን «መሬት ላራሹ» አስቡት፣ ማን ምን ያግኝ የሚለው በሁለት ቃል አልቋል፣ የተሰደበ ሰው የለም፣ የመሬት ከበርቴው ግን ገብቶታል። መንካት እኮ ይቻላል! ባለሥልጣን ላይ መሳቅ፣ ካርቱን መሣል፣ ግጥም መግጠም ሁሉ ይፈቀዳል፣ እኔ እንዲያውም ሳቅ ያለበት ሰልፍ ይመረጣል ባይ ነኝ፣ የሚያስቅ ፕላካርድ ይዞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ብዙም አላየሁም።

ደግሞ መፈክር በአፍ ሲሆን ይንሸራተታል። ወረቀት ላይ ያለቀው ነገር 200 ሰው መሀል አንዱ የሆነ ስም ጨምሮ ይጮሃል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ በቃ። ለዚህ መድኃኒቱ ማይኩን የሚይዘው ሰው ነው፣ የሚባሉት መፈክሮች በወረቀት ይኑሩት፣ ከዚያ ውጭ አይውጣ። መጥፎው ሲጀመር በማይክ አትቆጡ፣ «ተው እንጂ» እያላችሁ ስትከራከሩ ቪዲዮ ላይ የሚቀረው ጭቅጭቁ ነው። ወዲያው ሌላ መፈክር ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አስተባባሪዎች ደግሞ ወደ ልጁ ሄደው በጆሮው ይንገሩት። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልተወ ፕላካርዱን አስቀምጦ እንዲወጣ ይደረግ፣ ጓደኛችሁም ቢሆን።

ደረጃ 5፦ ድምፃችሁን ቅርፅ ስጡት

ሰው ሰልፍ ሲባል ጩኸት ብቻ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 አሜሪካ ግሪንስቦሮ ከተማ ውስጥ ከኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ኮሌጅ አራት ጥቁር ተማሪዎች ጥቁሮችን የማያስተናግደው የዉልዎርዝ መደብር ምግብ ባንኮኒ ላይ ሄደው ተቀመጡ፣ ቡና አዘዙ፣ አልተሰጣቸውም፣ አልተነሱም። በቀጣዮቹ ቀናት ሌሎች ተማሪዎች እየመጡ መጽሐፍ እያነበቡ ተቀመጡ። ጁላይ 25 ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። በ1965 ደግሞ ዴሞይን ከተማ የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከርና ጥቂት ተማሪዎች የቬትናም ጦርነትን በመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ተቀጡ፣ ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 በ7 ለ2 ድምፅ ረቱ። ፍርድ ቤቱ ካያቸው ነገሮች አንዱ ጨርቁ ትምህርት አለማወኩ ነው።

ስለዚህ በፈተና ሰሞን ላይብረሪ አጠገብ ሜጋፎን ይዛችሁ የምትቆሙ ከሆነ፣ እየታገላችሁለት ያለው ተማሪ ነው የሚረግማችሁ። ፀጥታ ባለበት ሰዓት ጨርቅ፣ ሻማ፣ አፍ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር፣ መሬት ላይ የተደረደሩ ባዶ ወንበሮች ተጠቀሙ፣ ጩኸቱን ፕሬዚዳንቱ ስብሰባ በሚገባበት ሰዓት አድርጉት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ እሱ ይስማ።

ደረጃ 6፦ አስተባባሪዎችን ቀድማችሁ መድቡ

በእኔ ልምድ ለ20 ሰው አንድ አስተባባሪ ካለ ይበቃል። ከሩቅ የሚታይ ልብስ ይልበሱ፣ ሴቶችም ወንዶችም ይኑሩበት፣ ከተለያየ ወገንም ይሁኑ፣ ሁሉም ከአንድ ክበብ ከሆኑ ሌላው ሰው ችግር ሲገጥመው አይነግራቸውም። አንድ ሰው ከካምፓስ ጥበቃዎች ጋር ብቻ ይነጋገር፣ አምስት ሰው እየተፈራረቀ ሲያናግራቸው ነው ነገር የሚበላሸው። ጥበቃዎቹንም እንደ ጠላት አትዩ፣ ላይብረሪውን የዘጋው የበሩ ጠባቂ አይደለም።

መውጫ መንገድ ክፍት መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ሜይ 4 ቀን 1970 አሜሪካ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወታደሮች በ13 ሴኮንድ ውስጥ 67 ጥይት ተኩሰው 4 ተማሪ ሲገድሉ 9 አቁስለዋል፣ ከሞቱት ሁለቱ በሰልፉ ያልነበሩ፣ ከክላስ ወደ ክላስ እየሄዱ የነበሩ ልጆች ናቸው። ጥፋቱ የተኳሾቹ ነው፣ ጥርጥር የለውም፣ ግን ሰልፍ ባለበት ግቢ ሰልፈኛ ብቻ አይኖርም። ጠባብ ቦታ ላይ አትታጨቁ፣ ነገሩ እየከረረ ሲሄድ «አሁን እንበተናለን» የሚል ምልክት ይኑራችሁ፣ ምልክቱንም ሁሉም ይወቀው።

ደረጃ 7፦ የማትወዱት ተናጋሪ ሲመጣ፣ ተቃራኒ ሰልፍ ሲወጣ

ሰው ተጋብዞ የሚናገረው ነገር ደማችሁን ቢያፈላው ምን ታደርጋላችሁ? አዳራሹ ደጃፍ ላይ መሰለፍ ትችላላችሁ፣ ወረቀት ማደል፣ ገብቶ ጀርባ ማዞር፣ መሀል ላይ ተነስቶ በሰልፍ መውጣት፣ ጥያቄና መልስ ሲደርስ በጣም የተዘጋጀ ጥያቄ መጠየቅ፣ ይሄ ሁሉ አለ። የማልስማማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮኾ ማስቆምን ነው። ይሄን የምለው ለተናጋሪው አዝኜ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥ ሊሰማውና ሊሞግተው የመጣ ተማሪ አለ፣ የእሱን ወንበር ነው የነጠቃችሁት፣ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የእናንተ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ቡድን ያንኑ ያደርግባችኋል፣ ያን ጊዜ ምን ልትሉ ነው?

ተቃራኒ ሰልፍ ከወጣ ርቀት ጠብቁ፣ ፊት ለፊት አትቋቋሙ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ወደ አስተዳደሩ ህንፃ ብትዞሩ ይሻላል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ነው ጠብ የሚያስነሳው። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ስልክ ተለዋውጦ ቢቆይ ከአምስት ጥበቃ ይበልጣል። ከሰልፉ ውጭ የሆነውን ተማሪም «ከእኛ ጋር ካልሆንክ ከእነሱ ጋር ነህ» አትበሉት። ሰልፍ አለመውጣትም መብት ነው። በክላስ በር ላይ ቆሞ ስም መመዝገብማ ጭራሽ ነውር ነው።

ደረጃ 8፦ ስልክና ግሩፕ

ፎቶ ስታነሱ ከኋላ አንሱ፣ ፊት የሚታይ ከሆነ አስፈቅዱ፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ የወጣ ልጅ አለ፣ ቪዛው የሚያሰጋው አለ። የተቃወማችሁን ተማሪ ስም፣ የዶርም ቁጥር፣ ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ መለጠፍ ሰላማዊ ሰልፉን በአንድ ደቂቃ ወደ ማሳደድ ይቀይረዋል፣ ለጣፊው የእናንተ ሰው ከሆነ እናንተው አውርዱት፣ ሪፖርት እስኪደረግ አትጠብቁ። ወሬ ሲመጣም፣ «እንትና ተመታ» ሲባል፣ ያየ ሰው ስልክ ደውሎ እስኪያረጋግጥ ፎርዋርድ አይደረግ። ማታ ማታ ግሩፑ ላይ ቮይስ መላክን ብትዘጉት ደስ ይለኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተላከ ቮይስ ሰላም አምጥቶ አያውቅም።

ደረጃ 9፦ ስታጠፉ

ታጠፋላችሁ። ሰው ሲበዛ የሆነ ነገር ይበላሻል፣ ስለዚህ ይቅርታውን እንዴት እንደምትሉት ቀድማችሁ ተስማሙ። «ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም፣ ጥፋቱን ቅር በተሰኘው ሰው ላይ ማሳበብ ነው። እኛ ያን ጊዜ በማግስቱ ያነበብነው ይሄን ነው፦ «ትናንት ራምፑን ዘግተን አንድ ተማሪ ፎርሙን ሳያስገባ ተመልሷል። ጥፋቱ የአስተባባሪዎቹ ነው። ዛሬ ጠዋት ቢሮው ሄደን ቀኑ እንዲራዘምለት ጠይቀናል። ከዛሬ ጀምሮ ራምፑን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አሉ።» ስሙን አልጠራንም፣ አስፈቅደንም ነው ያነበብነው። ጥፋቱ የታየው በማይክ ከሆነ ይቅርታውም በማይክ ይሁን፣ በግሩፕ ከሆነም እዚያው ግሩፕ ላይ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይቅርታ ስንል አስተዳደሩ መጠቀሚያ ያደርገዋል ብለው ተቃውመው ነበር። ትንሽም ቢሆን አደረገው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ «እነዚህ ሥነ ሥርዓት የሌላቸው» ሲሉን ከረሙ። ግን ከይቅርታው በኋላ በነበረው ሰልፍ የመጣው ሰው በዛ፣ ድሮ ዳር ዳር የሚሉ ልጆች ገቡ። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፈን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የነበሩ 323 ትልልቅ ዘመቻዎችን አይተው ሰላማዊዎቹ 53 ከመቶ ሲሳካላቸው የመሣሪያዎቹ 26 ከመቶ ብቻ መሆኑን አግኝተዋል፣ ከሰጡት ምክንያት ዋናው ሰላማዊው ብዙና የተለያየ ሰው ማስገባት መቻሉ ነው። እነሱ ያጠኑት የአገር ጉዳይ ነው፣ የካምፓስ አይደለም፣ እኔ ግን በትንሹ ያየሁት ያንኑ ነው።

ደረጃ 10፦ ሰልፉ ካለቀ በኋላ

ቆሻሻውን አንሱ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ እናንተን ተከትላ ካርቶን እንድትለቅም አታድርጓት። ኦክቶበር 1 ቀን 1964 በርክሌይ ላይ ማሪዮ ሳቪዮ የሚባል ተማሪ አንድ የቀድሞ ተማሪ የታሰረበት የፖሊስ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ንግግር ሊያደርግ ሲል ጫማውን አውልቆ ነው የወጣው፣ መኪናውን እንዳይጎዳ፣ መኪናዋ ለ32 ሰዓት ያህል በተማሪ ተከባ ቆማለች። ቁጣው ሳይቀንስ ጫማ ማውለቅ ማለት ያ ነው።

ከዚያ የተነካውን ሰው ሄዳችሁ አናግሩት። በሚቀጥለው ሰልፍ ዋዜማ እኔ ወደዚያ በዊልቸር የሚሄደው ልጅ ዶርም ሄጄ ቦታውን አብሮን እንዲያይልን ጠየቅኩት። እንደሚመጣ አልነገረኝም ነበር፣ ጠዋት ራምፑ ጋ ስደርስ ግን ሜትር ይዞ እየጠበቀኝ ነው።

«ባለፈው ያጨበጨባችሁልኝ እናንተ ናችሁ አይደል?» አለኝ።

የምለው ጠፋኝ። ቾኩን ከእጄ ወሰደና 90 ሴንቲ ሜትር ብዬ ያሰመርኩትን በጎማው እያጠፋ፣ ራሱ አንድ ሜትር ተኩል አድርጎ አሰመረው።